ደህና ነኝ፤ ታዲያ ምኑን ልመርመር?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱን መረጥኩ። ሦስቱም ሕመም ሳይመጣ ስለሚደረግ ጥንቃቄ ነው የሚያወሩት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። እግዚአብሔር ይመስገን የሚያመኝ ነገር የለም። ግን አባቴ በስትሮክ ነው ያረፈው፤ እኔም ዕድሜዬ ሲገፋ መፍራት ጀምሬያለሁ። አንድ የግል ክሊኒክ «ሙሉ ቼክ አፕ» እያለ ያስተዋውቃል፤ የታይፎይድ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የካንሰር፣ የሌለው ነገር የለም። ዋጋው የደሞዜን ግማሽ ይወስዳል። ባለቤቴ ደግሞ «ሳያምሽ ሐኪም ቤት መሄድ በሽታ መጥራት ነው» ይለኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ጉዳይ ባለቤትሽን አትስሚ። ክሊኒኩንም እንዳለ አትቀበይ። የአባትሽ ታሪክ ብቻውን ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው፤ ጥቅሉ ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ግን ለጤነኛ ሰው አይጠቅምም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጣጣ ያመጣል።

ታይፎይዱን እንውሰድ። እኛ ጋ በብዛት የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ ታመሽ ድነሽ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ተቀራራቢ ባክቴሪያ ነክቶሽ ከሆነ፣ ዛሬ ምንም ሳይሰማሽ «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። ከዚያ «ታይፎይድ አለብሽ» ትባያለሽ፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዝልሻል፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግመሽ ስትመረመሪ አሁንም አለብሽ ትባያለሽ። በዚህ ዓይነት በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ መድኃኒት የሚውጡ ሰዎች አያለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም በከንቱ የተዋጠው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን እንዲለምዱት ያደርጋል፤ የእውነት የታመመ ቀን ደግሞ አይሠራም። የካንሰር የደም ምርመራ የሚባሉትም አብዛኞቹ ካንሰር የተገኘበትን ሰው ለመከታተል የሚጠቅሙ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ ሲሠሩ ያለውን ያልፉታል፣ የሌለውን አለ ይላሉ።

ታዲያ ምን ልመርመር ካልሽ፣ ከሁሉ በፊት ደም ግፊትሽን ተለኪ። ለስትሮክ ዋነኛው መንስኤ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ግፊት ያለባቸው አዋቂዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ግን እንዳለባቸው አያውቁም። ስለማያማቸው ነው የማያውቁት። ራስ ምታት ሲመጣ «ግፊቴ ጨመረ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም፤ የላይኛው ቁጥር 180 ሆኖ ምንም የማይሰማው ሰው አለ።

አለካኩ ላይ ግን ድርቅ በይ። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ተራምደሽ፣ እያለከለክሽ ገብተሽ፣ በሹራብሽ ላይ ጠቅልለው፣ ስልክ እያወራሽ የተለካሽው ቁጥር አይታመንም። ቡና ከጠጣሽ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይለፈው። ሽንትሽን ሽኚ። ጀርባሽን ወንበሩ ላይ አስደግፊ፣ እግርሽን ሳታጣምሪ መሬት አስረግጪ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እጅጌሽ ይሰብሰብ፣ ክንድሽ ጠረጴዛ ላይ በልብሽ ትክክል ይረፍ። ከአንድ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደግመው እንዲለኩሽ ጠይቂ። ነርሷ ብትቸኩልም ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። በተለያየ ቀን ተለክተሽ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሕክምና ትጀምሪያለሽ።

ሁለተኛው በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር ነው። 126 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተደግሞ ይረጋገጣል። ሦስተኛው የማህፀን በር ምርመራ ነው፤ ይሄኛውን እባክሽ አታሳልፊው። በአገራችን ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ብዙ ሴቶችን የሚይዘው ካንሰር ይሄ ነው፤ ደግሞ ወደ ካንሰርነት ሳይለወጥ ሊያዝ የሚችል ነው። አንዱ አሠራር በጣም ቀላል ነው፤ ማህፀን በሩ ላይ ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ዓይነት አሲድ ይቀባል፣ ጤነኛ ያልሆነው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም እዚያው በዚያው ቀን ይታከማል። ኤችአይቪ እና ሄፓታይተስ ቢ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ተመርምረሽ የማታውቂ ከሆነም በዚያው ተመርመሪ።

ይሄን ሁሉ በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያ መጀመር ትችያለሽ። ወጪው ከነገርሽኝ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በተረፈው ገንዘብ ለቤትሽ ጥሩ የክንድ ግፊት መለኪያ ግዢ፤ ባለቤትሽንም ለኪው።

ጨውንም ላንሳ። ለአንድ አዋቂ በቀን የሚመከረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው፣ ዳቦውም ሽሮውም ተደምሮ። ብዙ ቤት ሽሮውና በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። ወጥ ስትሠሪ መጀመሪያ ቅመሺ፣ ከዚያ ጨምሪ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ግፊት አለብዎት ተብለው መድኃኒት ጀመሩ፤ ሦስት ወር ወስደው «ወርዷል፣ ድኛለሁ» ብለው አቆሙ። ጾምም ስለሆነ፣ ጸበልም ስለሚጠመቁ፣ ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የወረደው መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው። ሲያቆሙት ተመልሶ ይወጣል፤ የሚያሳዝነው ሲወጣ አይናገርም።

አባትህን በጸበሉ አትከራከራቸው። ይጠመቁ፣ ክኒናቸውንም ይውሰዱ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ይህንን ከእኔ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰሟቸዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሳቸውን አነጋግር። ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰዱ ስለሆኑ ሰዓቱን ከማዕድ ጋር ማስማማት ይቻላል፤ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩ። ደግሞ ለብቻቸው ሲሆኑ ረጋ ብለህ ጠይቃቸው። አንዳንድ አባት የሚያቆመው መድኃኒቱ ስላስቸገረው ነው፣ ግን ማማረር ስለማይፈልግ አይናገርም። ኢናላፕሪል የሚባለው የግፊት መድኃኒት ደረቅ ሳል ሊያመጣ፣ አምሎዲፒን የሚባለው ደግሞ ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ሁለቱም በሌላ ይቀየራሉ።

ቤተሰቡ ሁሉ ይህን ይወቅ፦ ፊታቸው በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ሰዓቱን አይታችሁ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ውሃ ማጠጣት የለም፤ ትን ሊላቸው ይችላል። እስኪነጋ መጠበቅም የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጣት ነው። ጎረቤቶቼ «መካን ያደርጋል» ይላሉ። ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እናቷ፣ አያደርግም። ክትባቱ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አገሮች ተሰጥቷል፤ የተከተቡት ሴቶች አድገው ወልደዋል። እኛ አገር የገባው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን የተጀመረውም በእሷ ዕድሜ ባሉ ልጃገረዶች ነው። የሚከላከለው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውን ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ነው፤ 16 እና 18 የተባሉት ሁለቱ ዓይነቶች ብቻ ከ100 የማህፀን በር ካንሰር 70 ያህሉን ያመጣሉ። አሁን የሚሰጠው ቫይረሱ ሳያገኛት በፊት ስለሆነ ነው፤ ስለ ልጅሽ ጠባይ የሚለው አንዳች ነገር የለም።

ክንዷ ላይ ትወጋለች። ቦታው አንድ ሁለት ቀን ሊያማት፣ ትንሽም ሊያተኩሳት ይችላል። መርፌ የምትፈራ ከሆነ ቁርስ በልታ ትሂድ፣ ስትወጋም ትቀመጥ፣ ከተወጋችም በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ትረፍ። ከዚህ በፊት ክትባት ወስዳ ሰውነቷ ክፉኛ አብጦ ወይም ትንፋሽ አጥሯት የሚያውቅ ከሆነ ግን ከመወጋቷ በፊት ለባለሙያዋ ንገሪያት።