ብሎኑ በባዶ እየዞረ ለተቸገርሽው እህታችን

እህቴ፣ የኪችን ካቢኔትሽ የላይኛው ማጠፊያ ተነቅሎ ብሎኑ በባዶ እየዞረ አልይዝ እንዳለሽና ወፍራምና ረጅም ብሎን ልግዛ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አትግዢ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ።

ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ በገባሁ ሰሞን ያንቺው ዓይነት ጣጣ ገጠመኝ። ርዝመቱ 16 ሚሊ የሆነውን ብሎን አውጥቼ በ25 ሚሊ ቀየርኩት። ጥርቅም አድርጎ ያዘ፤ ደስ አለኝ። በሩን ስዘጋው የብሎኑ ጫፍ ላሚኔቱን (የበሩን ልባጥ) ሰንጥቆ በፊት ለፊት ብቅ ብሏል። የቦርዱ ውፍረት ራሱ 18 ሚሊ ነዋ! እስከ ዛሬ ስቲከር ለጥፌበት ነው የምኖረው፤ አከራዬ አላዩም።

መጀመሪያ ብሎኑን አውጪና ጥርሱ ላይ የቀረውን እዪ። የእንጨት ጭረት ከሆነ ጣውላ ነው። እንደ በሶ የሚበተን ከሆነ ቺፕውድ (የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ቦርድ) ነው፣ መላውም ይለያል።

ጣውላ ከሆነ ስቴኪኒና ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃሻል። ቀዳዳውን ጠርገሽ ኮላ ጨምሪበት፤ ሦስት አራት ስቴኪኒ ኮላ እያስነካሽ እስኪጠብቅ ሰክተሽ በመዶሻ ቀስ ብለሽ ምቺው። ከዚያ እስከ ነገ እንዳትነኪው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ኮላው ሳይደርቅ ብሎኑን ያስገባና «ስቴኪኒ አይሠራም» ይላል። ሲደርቅ የተረፈውን በላማ ቁረጪና ብሎኑን በእጅ ካቻቢቴ መልሺ።

የኪችን በር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቺፕውድ ነው። እዚያ ላይ ስቴኪኒ ለጥቂት ወር ነው የሚቆየው። ሰጋቱራ በኮላ ለውሰው የሚሞሉም አሉ፤ ላዩ ያምራል እንጂ ብሎን አይሸከምም። ግድግዳ ውስጥ ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ ፊሸርማ ጭራሽ አትሞክሪ፣ ሲሰፋ ቦርዱን ይሰነጥቀዋል። ለእኔ የሠራልኝ ይኸው ነው፦ ቀዳዳውን በ8 ሚሊ ፑንታ አሰፋሁት፣ ግን 12 ሚሊ ብቻ ጥልቀት። ፑንታው ላይ 12 ሚሊው ጋ ፕላስተር ጠቅልዬ ምልክት አደረግኩ፣ አለዚያ እንደ ብሎኔ ባሻገር ይወጣል። ቁም ሳጥን ሲገጣጠም የሚተርፉትን ሽንሽን ክብ እንጨቶች አንዱን በልኩ ቆርጬ ኮላ ቀብቼ መታሁት። በማግስቱ መሐሉን በ2 ሚሊ ፑንታ በስቼ ብሎኑን አሰርኩት። ሦስት ዓመት ሆነው፣ አልተነቃነቀም።

ሌሎቹን ብሎኖች አውጥተሽ ስትመልሺ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙሪ። ቀጭ ብሎ ወደ ድሮው ጥርስ ሲገባ እጅሽ ላይ ይሰማሻል፤ ያኔ ወደ ቀኝ አጥብቂ። ትራፓኖ እንዳትጠቀሚ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዙር ካለፈ ቺፕውዱን ይፈጨዋል።

የጠረጠርኩትን ልንገርሽ? እጀታው ላይ የቆሻሻ ፌስታል ታንጠለጥያለሽ አይደል? የእኔም በር በዚያው ነው የተነቀለው።