የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአኒሜሽን ሶፍትዌር ምርጫና ከመጠን በላይ የሚገዝፉ ፋይሎች

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሥዕል የምሠራው በወረቀት ላይ ነው። የልጆች ተረት ወደ አኒሜሽን ልቀይር አስቤ ብሌንደር፣ ክሪታ፣ ኦፕንቱንዝና ሲንፊግ የሚባሉትን ሰማሁ። ላፕቶፔ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። በየትኛው ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ አራቱም በነጻ የሚገኙ ስለሆኑ ምርጫውን የሚወስነው የእርስዎ አሠራር ነው። በወረቀት መሥራትዎን መቀጠል ከፈለጉ ኦፕንቱንዝ ይያዙ። መነሻው ቱንዝ የተባለው፣ የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ሲሠራበት የኖረ ሶፍትዌር ሲሆን በ2016 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። በስካነር የገባ የእርሳስ ሥዕልን አጽድቶ መስመሩን ከወረቀቱ ይለያል፤ ቀለሙን ደግሞ በፓሌት (በቀለም ሰንጠረዥ) ይይዛል። የአንዲትን ገጸ ባሕርይ ቀሚስ ከሰማያዊ ወደ ቢጫ ለመለወጥ ፓሌቱ ላይ አንዴ መቀየር በቂ ነው፤ በሁሉም ፍሬሞች (ተከታታይ ሥዕሎች) ላይ አብሮ ይለወጣል። ለወረቀት ሠዓሊ ይህ የሳምንታት ሥራ ያድናል።

ስካን ሲያደርጉ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) አያስፈልግም። ኤ4 ወረቀት በአግድም በ200 ዲፒአይ ሲገባ ወደ 2,340 ፒክስል ስፋት ይሰጣል፤ ቪዲዮዎ ደግሞ 1,920 ፒክስል ነው። ይበልጥ የሚያስፈልገው ወረቀቶቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ መዋላቸው ነው። ወረቀቱን በቀዳዳ የሚይዘውን ፔግ ባር ካልተጠቀሙ ሥዕሉ በየፍሬሙ ይዘላል፤ ያንን በኋላ በኮምፒዩተር ማስተካከል አሰልቺ ነው።

ኦፕንቱንዝ ሁለት ችግሮች አሉት። አንደኛ፣ ለመልመድ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ የትዕይንቱ ፋይል ሥዕሎቹን በውስጡ አይዝም፤ የት እንዳሉ ብቻ ይመዘግባል። ያን ፋይል ብቻ በፍላሽ ይዘው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢከፍቱት ባዶ ፍሬም ያገኛሉ። ሁልጊዜ የፕሮጀክቱን ፎልደር በሙሉ ይቅዱ።

በታብሌት ብዕር ስክሪን ላይ በቀጥታ መሣል ለሚፈልግ ክሪታ ይቀላል፤ ብሩሾቹም ከአራቱ የተሻሉ ናቸው። ሲንፊግ ጥቂት ሥዕል ሠርተው መሐሉን ኮምፒዩተሩ እንዲሞላው ለሚፈልጉ ነው፤ ለአርማና ለቀላል ገለጻ ይሆናል፤ ስሜት ላለው የፊት እንቅስቃሴ ግን አልመክርም። ብሌንደር ግሪስ ፔንስል በተባለው መሣሪያ ባለ ሁለትም ባለ ሦስትም አውታር ሥራ ያጣምራል፤ ካሜራው በጎጆዎች መሐል እንዲያልፍ ከፈለጉ የሚተካከለው የለም። ነገር ግን ከ4.0 ጀምሮ ያሉት ዝርያዎች ኦፕንጂኤል 4.3 (ፕሮግራሞች በግራፊክስ ምስል የሚያሳዩበት መስፈርት) የሚችል ግራፊክስ ይጠይቃሉ። ላፕቶፕዎ አሮጌ ከሆነና አልከፍት ካለ 3.6ን ይሞክሩ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የ3 ደቂቃ አኒሜሽን ሠርቼ በኤቪአይ ኤክስፖርት ባደርገው 25 ጊጋባይት ሆነ! የፋይሉን ስም ወደ ኤምፒ4 ብቀይረውም ምንም አልቀነሰም። በቴሌግራም ልኬ ሰው በሞባይል ዳታ እንዲያየው ከ40 ሜጋባይት በታች ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ በደንብ ይቻላል። መጀመሪያ 25 ጊጋባይቱ ከየት እንደመጣ ይመልከቱ። አንድ ፍሬም 1,920 በ1,080 ፒክስል ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንዱ ፍሬም 6.2 ሜጋባይት ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ በ180 ሰከንድ 4,320 ፍሬም፤ ጠቅላላው ወደ 26.9 ቢሊዮን ባይት። ዊንዶውስ በ1,024 እየከፈለ ስለሚቆጥር 25 ጊጋባይት ብሎ ያሳያል። ፋይልዎ ምንም አልተጨመቀም ማለት ነው። ኤቪአይም ሆነ ኤምፒ4 መያዣ ብቻ ናቸው፤ መጠኑን የሚወስነው በውስጡ ያለው ኮዴክ (የመጭመቂያው ዘዴ) ስለሆነ ስም መቀየር ምንም አይለውጥም።

ኤቪአዩን አያጥፉት፤ ዋናው ቅጂዎ እሱ ነው። ሃንድብሬክ የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ያውርዱና ፋይሉን ያስገቡ። ፎርማቱን ኤምፒ4 ያድርጉ፤ ‹ዌብ ኦፕቲማይዝድ› የሚለውንም ምልክት ያድርጉበት። ይህ የፋይሉን ማውጫ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያመጣዋል፤ ያለዚያ ቪዲዮው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ መታየት ላይጀምር ይችላል። በ‹ቪዲዮ› ገጽ ላይ ኤች.264 (ኤክስ264) ይምረጡ፤ ፕሪሴቱን ‹ስሎው›፣ ቱኑን ‹አኒሜሽን›፣ ጥራቱን አርኤፍ 22 ያድርጉ። የአርኤፍ ቁጥር ሲጨምር ፋይሉ ያንሳል፤ በ6 ሲጨምር በግምት ግማሽ ይሆናል። ለ1080 ከ20 እስከ 24 ያለው ጥሩ ነው። በኤንቪዲያ ወይም በኢንቴል ግራፊክስ የሚሠሩት ኢንኮደሮች ይፈጥናሉ፤ ግን ለተመሳሳይ ጥራት ብዙውን ጊዜ ትልቅ ፋይል ያወጣሉ። መጠን ለመቀነስ ለሚሠራ ሰው ፍጥነቱ አይጠቅመውም።

ድምፁን ኤኤሲ ያድርጉ። ተራኪ ብቻ ከሆነ ሞኖ 64 ኪሎቢት ይበቃል፤ ሙዚቃ ካለው ስቴሪዮ 128። በ3 ደቂቃ የመጀመሪያው 1.4፣ ሁለተኛው 2.9 ሜጋባይት ይወስዳል።

ቀለሙ ወጥ የሆነ አኒሜሽን ብዙ ጊዜ በዚህ ብቻ ከ40 ሜጋባይት በታች ይወርዳል። ካልወረደ ሒሳቡን ይሥሩ፦ 40 ሜጋባይት በ8 ሲባዛ 320 ሜጋቢት፤ ለ180 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ ወደ 1,780 ኪሎቢት። የድምፁን 128 ቀንሰው ትንሽ መተንፈሻ ይተዉና 1,600 ይበሉ። ከ‹ኮንስታንት ኳሊቲ› ወደ ‹አቨሬጅ ቢትሬት› (በሰከንድ የሚመደብ አማካይ የቢት መጠን) ተሻግረው 1,600 ይጻፉ፤ ‹መልቲ-ፓስ›ንም ያብሩ። መጀመሪያ አንዴ ቪዲዮውን በሙሉ አይቶ ቢቱን እንቅስቃሴ ወዳለበት ያከፋፍላል። ጊዜ ይፈጃል፤ መጠኑ ግን ካሰቡት ብዙም አይርቅም።

ብዙዎች ፍሬሙን ከ24 ወደ 12 ዝቅ ካደረጉት ፋይሉ ግማሽ የሚሆን ይመስላቸዋል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እያቆዩ ከሠሩ ይህ እምብዛም አይጠቅምም። ኤች.264 ከፊተኛው ጋር አንድ የሆነውን ፍሬም ‹እንዳለ ይቆይ› ብሎ ስለሚያልፈው ከሞላ ጎደል በነጻ ነው የሚያስቀምጠው። ፋይል የሚያሳብጠው በየፍሬሙ የሚለዋወጥ ነገር ነው፦ የሚንቀጠቀጥ የወረቀት ሸካራነት፣ የፊልም ግሬን (ጥቃቅን ነጠብጣብ)፣ ዝናብ፣ ኮንፌቲ። የወረቀቱን ሸካራነት አንድ ቋሚ ምስል አድርገው ከኋላ ቢያስቀምጡት መልኩ ሳይጠፋ መጠኑ በጣም ይቀንሳል። ከማንኛውም የሶፍትዌር ማስተካከያ በፊት ይህን ይሞክሩ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሰማይን በስሱ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚያሸጋግር ቀለም ሲጨመቅ እንደ ደረጃ እየተሰነጠቀ ይታያል። በዚያ ምስል ላይ፣ በቋሚው ዳራ ላይ ብቻ፣ በጣም ቀጭን ነጠብጣብ ቢጨምሩበት ስንጥቁ ይሸፈናል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ)፦ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል የሚያስተምር አጭር አኒሜሽን ሠርተናል። በኮምፒዩተር ጥርት ያለ ነው፤ ወላጆች በዋትስአፕ ሲቀበሉት ግን አረንጓዴ መደብ ላይ ያሉት ቀይ ፊደሎች ይደበዝዛሉ። ልጆቹ ‹ቀ›ን ከ‹ቁ› መለየት አቃታቸው።

መልስ፦ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። የተለመደው ቪዲዮ ብርሃንን ለእያንዳንዱ ፒክስል ሲመዘግብ ቀለምን ግን ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ይመዘግባል። ቀይና አረንጓዴ በብርሃናቸው ከተቀራረቡ ልዩነታቸው በቀለም ብቻ ስለሚሆን ጠርዙ ይሟሟል። መፍትሔው በጥቁር ሰማያዊ ወይም በጥቁር አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ ወይም ክሬም ፊደል ነው። ቀዩን የግድ ከፈለጉት ወፈር ያለ ነጭ ጠርዝ ያድርጉለት።

ሁለተኛው የፊደሉ ውፍረት ነው። የአማርኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንሿ ቅጥያ ላይ ስለሆነ ከላቲን ቀድሞ ይጎዳል። በ1080 ላይ 3 ፒክስል የሆነች ቅጥያ ወደ 480 ሲወርድ 1.3 ፒክስል ትሆናለች፤ ያኔ ‹ቁ› ‹ቀ› ይመስላል። የፊደሉ ቁመት ቢያንስ 72፣ የመስመሩ ውፍረት ቢያንስ 6 ፒክስል ይሁን። ለዚህ ሥራ ደማቅ የሆነውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ እንመርጣለን። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለመጽሐፍ ያማረ ነው፤ ለትንሽ ስክሪን ግን ይቀጥናል። ለሕፃናት ደግሞ ፊደሉ ጥርት ብሎ መታየቱ ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ሦስተኛው ዋትስአፕ ነው፤ እንደ ቪዲዮ የተላከውን እንደገና ይጨምቀዋል። ‹ዶክመንት› ብለው ቢልኩት እንዳለ ይደርሳል። ወላጆች እርስ በርስ እንደ ቪዲዮ መላላካቸው ስለማይቀር ግን ዋናውን በአርኤፍ 18 ወይም 19 ያውጡት፤ ሁለተኛው ጭመቃ የሚጎዳው ያነሰ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጂአይኤፍ ይሻላል ወይስ ኤምፒ4?

መልስ፦ ኤምፒ4። ጂአይኤፍ የ1987 ፎርማት ነው፤ በአንድ ፍሬም ከ256 ቀለም በላይ አይችልም፣ እንቅስቃሴንም አይተነብይም። ቴሌግራም ራሱ የሚላክለትን ጂአይኤፍ ድምፅ ወደሌለው ኤምፒ4 ይቀይረዋል። ግዴታ ከሆነብዎ ስፋቱን 480 ፒክስል፣ ቀለሙን 64 ያድርጉ፤ ‹ዲተሪንግ›ንም (የጎደለ ቀለምን በነጠብጣብ የሚያስመስለውን) ያጥፉ። ወጥ ቀለም ላይ ነጠብጣቡ መጠን ከመጨመር በቀር አይጠቅምም።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ በክሪታ ከ100 ፍሬም በላይ ስሄድ ኮምፒዩተሩ ይቆማል። በብሌንደር ደግሞ ሬንደር እያደረግሁ (ፍሬሞቹን ኮምፒዩተሩ ሠርቶ እያወጣ) መብራት ሲጠፋ ሁሉም ይበላሽብኛል።

መልስ፦ ክሪታ ላይ መጀመሪያ የሸራውን መጠን ይዩ። ኤ4 በ300 ዲፒአይ ከፍተው ከሆነ አንድ ሙሉ ሌየር (የሥዕል ንብርብር) ወደ 35 ሜጋባይት ራም ይወስዳል፤ በ1,920 በ1,080 ግን 8.3 ብቻ ነው። ለቪዲዮ ዲፒአይ ትርጉም የለውም። ባለ 16 ቢት ቀለም መርጠው ከሆነም ወደ 8 ይመልሱት፤ እጥፍ ነው የሚበላው። ከዚያ በ‹ፐርፎርማንስ› ቅንብር ውስጥ የአኒሜሽን ካሹን (ጊዜያዊ ማከማቻውን) ከራም ወደ ዲስክ ያዛውሩት።

ብሌንደር ላይ በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ሬንደር አያድርጉ። በመሐል የተቋረጠ ኤምፒ4 ማውጫው ሳይጻፍ ስለሚቀር አይከፈትም። ውጤቱን ፒኤንጂ ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ይቀመጣል። ‹ኦቨርራይት›ን አጥፍተው ‹ፕሌስሆልደርስ›ን ያብሩ። መብራት ሲመለስ ሬንደሩን እንደገና ሲያስጀምሩት ያለቁትን ዘሎ ከቀረው ይቀጥላል። መጥፋቱ በመጣበት ቅጽበት ሲሠራ የነበረው ፍሬም ባዶ ፋይል ሆኖ ስለሚቀር ግን፣ ከመቀጠልዎ በፊት ፎልደሩን በመጠን ደርድረው 0 ባይት የሆነውን ያጥፉ።

ፒኤንጂዎቹ ሲያልቁ በብሌንደሩ የቪዲዮ ማስተካከያ ውስጥ እንደ ምስል ተከታታይ አስገብተው ወደ ኤምፒ4 ያውጧቸው። ‹ቪው ትራንስፎርም› የሚለው ‹ስታንዳርድ› መሆኑን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ አንዴ የተስተካከለው ቀለም ዳግመኛ ይስተካከልና ገርጥቶ ይወጣል።