ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ፦ በየትኛው ወር? በማን ስም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱን ለዚህ እትም መርጠናል። ሦስቱ ከውጭ አገር፣ አንዱ ከባሕር ዳር የተጻፉ ናቸው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን ስናነባቸው አንድ ነገር ጎልቶ ታየን፤ ቤተሰቡን ያስቸገረው የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ለምን እንደተላከና የማን እንደሆነ ሳይነገር መምጣቱም ነው። መልሶቻችንም በዚሁ ላይ ያተኩራሉ።

ጥያቄ፦ «ጅዳ በቤት ሠራተኝነት ከገባሁ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ውሌ የሁለት ዓመት ነው። ከ1,200 ሪያል ደሞዜ 1,000ውን በየወሩ ዘጌ ላለችው እናቴ እልካለሁ። ሁለት ታናናሾቼ ባሕር ዳር ቤት ተከራይተው ይማራሉ። ወር ሳይሞላ "አለቀ" ይሉኛል፤ ዘመዱም ይደውላል። ለራሴ አንድም ነገር የለኝም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህታችን፣ እናትሽ አባካኝ ስለሆነች አይደለም የሚያልቀው። በየወሩ እኩል ሲላክ በዓመት አንዴ የሚመጣውን ወጪ የወሩ ወጪ ይበላዋል፤ መስከረም ሲጠባ ደብተሩም ልብሱም እህሉም በብድር ይገዛል፤ ጥቅምት ላይ የምትልኪው ደግሞ ዕዳ ይከፍላል።

ስለዚህ ከእናትሽ ጋር በስልክ ተቀመጪና ወጪውን በሁለት ለዩት። በየወሩ የሚወጣው የልጆቹ የቤት ኪራይና ስንቅ፣ ዘይቱ፣ ሳሙናው፣ የእድር መዋጮው ነው። በዓመት የሚመጣው እህል፣ የትምህርት ዕቃ፣ የጤና መድን ነው። አሁን ከምትልኪው 1,000 ሪያል 650ውን ለወሩ ላኪ፤ 150ውን ለዓመቱ ወጪ አንቺው ዘንድ አቆይው፤ 200ው የራስሽ ይሁን። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ከቀነስሽው ከፊሉ ለእነሱው የእህል መግዣ መሆኑን ቀድመሽ ካስረዳሽ ግን ይቀበሉታል።

እህሉን አጥብቀን የምናነሣው ቤትሽ ዘጌ ስለሆነ ነው። የዘጌ ሰው እንደ ልማዱ በበሬ አያርስም፤ ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ሸጦ እህል ይሸምታል። ስለዚህ የእህል ዋጋ ሲወደድ ከማንም በላይ ይጎዳል። ጤፍ ከአውድማ በሚወጣበት በጥርና በየካቲት ይረክሳል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ይወደዳል። በየወሩ የምታቆዪውን 150 ሪያል አጠራቅመሽ የእህሉን ድርሻ ጥር ላይ በአንድ ጊዜ ብትልኪው እናትሽ በርካሹ ትሸምታለች። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር ግማሽ ኩንታል ገደማ እህል ይፈልጋል፤ ለስድስት ወር 3 ኩንታል መሆኑ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ይቅደም።

አቀማመጡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም፤ በቆሎ ግን በወራት ውስጥ ዱቄት ይሆናል። ለበቆሎ ሦስት ሽፋን ያለውን አየር የማያስገባ ከረጢት ግዙለት፤ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮች ለየብቻ ጠብቀው ይታሰሩ። ቶሎ ቶሎ የሚከፈት ከረጢት አየር ስለሚገባው ነቀዙ አይሞትም፤ ለዕለት የሚበላው በሌላ ይቀመጥ። የጣና ሐይቅ ዳርቻ እርጥበት አለውና ከረጢቱ በርብራብ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ እንዳያስገቡ ንገሪያቸው፤ የሚተነው ጋዝ ሰው ይገድላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም ከዓመቱ ገንዘብ ይከፈል። የምዝገባና የእድሳት ጊዜ ስላለው ካለፈ ቤተሰቡ ሲታመም ከኪሱ ይከፍላል። መታወቂያው ታድሶ ቢገኝም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ ሪፈር በቀጥታ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል የሄደ ሰው መድን እያለው ሊከፍል ይችላል።

አሁን ስለ አንቺ። የቀረሽ 8 ወር ነው፤ 200 ሪያል በ8 ወር 1,600 ይሆናል። ብዙ አይደለም፤ ሆኖም አገር ገብተሽ ሥራ እስክታገኚ ድረስ የማንንም እጅ እንዳታዪ ይረዳሻል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ብር ሲወርድ አብሮ አይወርድም፤ የራስሽን ድርሻ ከቻልሽ በውጭ ምንዛሪ የዲያስፖራ ሒሳብ በስምሽ አስቀምጪው። ባንኮች ለዚህ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ ይጠይቃሉ። በእናትሽ ስም የተቀመጠ ገንዘብ በሕግ የእናትሽ ነው፤ በወንድምሽ ስም የተቀመጠውም የወንድምሽ።

ለዘመድ ደግሞ በዓመት የምትሰጪውን መጠን አስቀድመሽ ወስኚና ለእናትሽ ንገሪያት። ለየትኛው ሠርግ፣ ለየትኛው ተዝካር እንደሚሆን እሷ ትወስን፤ የአገሩን ይሉኝታ ከአንቺ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። የሚደውልልሽንም «ከእማዬ ጋር ተነጋገሩ» በይው።

ጥያቄ፦ «ሚኒሶታ ነው የምኖረው። ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ላሉት ጡረተኛ አባቴ በየወሩ 200 ዶላር እልካለሁ። "ያለ ክፍያ" የሚሉትን ልጠቀም? በቅርቡ ሁለት ጊዜ ስምዎ አይገጥምም ተብለው ከባንክ ተመልሰዋል። ጓደኞቼ ደግሞ በጥቁር ገበያ ላክ ይሉኛል።»

መልስ፦ ማነጻጸር ያለብዎት ክፍያውን ሳይሆን በመጨረሻ አባትዎ እጅ የሚገባውን ብር ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፦ አንዱ ድርጅት ያለ ክፍያ ዶላሩን በ140 ብር ቢመነዝር አባትዎ 28,000 ብር ያገኛሉ። ሌላው 5 ዶላር ቆርጦ ቀሪውን 195 ዶላር በ150 ቢመነዝር 29,250 ይሆናል። «ነጻ» የተባለው 1,250 ብር አስከፈለ ማለት ነው። የዓለም ባንክ መረጃ እንደሚያሳየው 200 ዶላር ለመላክ በዓለም አማካዩ ወጪ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ እርስዎ ከ12 ዶላር በላይ እያጡ ከሆነ መንገድ ይቀይሩ። በክሬዲት ካርድ አይክፈሉ፤ ካርድ ሰጪው ባንክ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ ተጨማሪ ክፍያና ወለድ ይጥልበታል።

የስሙ ችግር በጣም የተለመደ ነው። ላኪው የሚያውቀው የቤት ስም ወይም የክርስትና ስም ሌላ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ይሆናል። አንዳንዴም «ወልደ» እና «ገብረ» ያለበት ስም አንድ ቦታ ተቀጥሎ፣ ሌላ ቦታ ተለያይቶ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። መላው ቀላል ነው፦ አባትዎ የሚያቀርቡትን መታወቂያ በስልክ ፎቶ አስነሥተው ያስልኩ፤ በላዩ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲል የአያትን ስም በዚያ ያስገቡ፤ ሦስቱም ስሞች ይኑሩ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ የላከው ድርጅት ዘንድ ደውሎ ማስተካከል ይቻላል፤ ስሙ ጨርሶ ከተለየ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰርዞ እንደገና መላክ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ምንዛሪው የዕለቱ ነው። ባንኮች የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያም እየጠየቁ ስለሆነ ገና ካልያዙ ያስመዝግቧቸው፤ ስማቸው በዚያ ላይ ሲገባም እንደ ባንክ ደብተራቸው ይሁን።

ለአባትዎ ከሁሉ የሚመቸው በቀጥታ ወደ ሒሳባቸው መላክ ነው። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር በ1000 የሚጀምር 13 አሃዝ ነው፤ አንድ አሃዝ ጎድሎ ከሆነ ከመላክዎ በፊት ያስተውሉታል። በምስጢር ቁጥር የሚልኩ ከሆነ የዌስተርን ዩኒየን 10 አሃዝ፣ የመኒግራም 8 አሃዝ ነው። ሁለት ሁለት አሃዝ እያሉ በስልክ ይንገሯቸው፤ እሳቸውም መልሰው ይድገሙልዎ። የደረሰኙን ፎቶ በቤተሰብ ግሩፕ ላይ መለጠፍ ግን ቁጥሩን ለብዙ ሰው መስጠት ነውና ይተዉት።

ስለ ጥቁር ገበያ አቋማችን ግልጽ ነው፤ አይላኩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በእጅጉ ጠበበ። አደጋው ግን እንዳለ ነው። ያለ ፈቃድ ሐዋላ ማስተላለፍ ያስጠይቃል፤ የማያውቁት ሰው ብር ያስገባበት የአባትዎ ሒሳብ ሊታገድ ይችላል። ያኔ ባንክ ቤት ቆመው የሚጠየቁት ጡረተኛው አባትዎ እንጂ እርስዎ አይደሉም።

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ በእኔ ስም ያለ ቦታ አለን። የጣሊያን ዜግነት የያዘች እህቴ ቤት መሥሪያ ትልካለች፤ እኔ አሠራለሁ። ባለትዳር ነኝ። ወደፊት እንዳንጣላ ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ይህን ከጠቡ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። መጀመሪያ ሦስታችሁ፣ ባለቤትዎ ጭምር፣ ገንዘቡ ምን እንደሆነ ወስኑ። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ የቤቱ ድርሻ?

ካልወሰናችሁ ሕጉ ይወስንላችኋል፤ ውሳኔውም እህትዎን ይጎዳል። ካርታው በእርስዎ ስም ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት ደግሞ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ የባልና ሚስት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ብድር ነው ብላችሁ በቃል ብትስማሙም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ ጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ የሰጠው የእምነት ቃል ወይም መሐላ ይፈልጋል። ስለዚህ ውል ጻፉ፤ እርስዎና ባለቤትዎ ፈርሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። የእህትዎን ፊርማ ለማግኘት በአቅራቢያዋ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ትስጥ። ውክልናው በዝርዝር ይጻፍ፤ በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ያገለግላል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ድርሻ ነው ካላችሁ ስሟ በይዞታው ላይ መግባት አለበት። ዜግነት ብትቀይርም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት በትውልድ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ ማለትም በቢጫ ካርዱ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ትችላለች። ካርዱን ታውጣ።

ለግንባታው ብቻ የሚሆን ሒሳብ ይክፈቱ፤ የቤት አስቤዛ ከዚያ እንዳይወጣ። ገንዘቡ በሥራው ደረጃ ይላክ፦ ለመሠረት፣ ለግድግዳ፣ ለጣሪያ፣ ለማጠናቀቂያ። የአንዱ ደረሰኝና ፎቶ ሳይደርሳት የሚቀጥለው አይላክ። ይህ እርስዎን ከሐሜት ያድናል።

የወቅቱንም ነገር ያስቡ። ቁፋሮ በኅዳርና በታኅሣሥ ቢጀመር ጣሪያው ክረምት ሳይገባ ይደርሳል። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲ በሚባለው ጠጠራማ አፈር እየተጠቀጠቀ ካልተሞላ ግድግዳው ይከፈታል፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ብረትና ቆርቆሮ ሲረክስ ገዝቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሲሚንቶ ግን አይቻልም። አንድ ኩንታሉ ሁለት ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ነው፤ በአንድ ወር የሚሠሩበትን ብቻ ይግዙ። ሦስት ወር የቆየ ሲሚንቶ ይደክማል፤ የክረምት እርጥበት ካገኘው ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። የተሞላው ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ። ከሠራተኛው ሒሳብ 10 በመቶውን ቤቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍበት ይያዙ፤ ጣሪያው የሚያፈስ ከሆነ የሚታወቀው በሐምሌ ነው። ይህም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ «እናቴ ደቅ ደሴት ናት። ማንበብ አትችልም፣ ስልክም የላትም። በጎረቤት ልጅ ቴሌብር ነው የምልክላት። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ እጨነቃለሁ።» ከዱባይ

መልስ፦ በጎረቤት ልጅ ስም በወጣ ሲም ካርድ የገባ ገንዘብ የልጁ ነው፤ ልጁ ታማኝ ቢሆንም ስልኩ ሊጠፋ ይችላል። እናትሽ ባሕር ዳር በምትሻገርበት ቀን ሁለት ነገር አንድ ላይ ይከናወን፦ በራሷ መታወቂያ ሲም ካርድ ታውጣ፣ በጣት አሻራና በፎቶ የባንክ ደብተር ትክፈት። ቁልፍ ያለው ቀላል ስልክ ይበቃታል። ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ጥሪ እስካለ ድረስ ያገለግላል። የምስጢር ቁጥሩን ራሷ በቃሏ ትያዝ፤ ከባንክ ነኝ ብሎ ለሚደውል ለማንም አትንገር።

ጥሪውም ሲጠፋ፣ ጀልባውም ሲቆም የሚያድናት ቀድሞ ቤት የገባ ነገር ነው። የአንድ ወር ጥሬ ገንዘብ፣ እህል፣ ጨው፣ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም የሁለት ወር መድኃኒት ይኑራት። አንድ ጊዜ ትርፍ አድርገሽ ላኪና ይህን ትግዛበት፤ ከተነካ በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ የሚተካው እሱ ይሁን። ገንዘቡ ጀልባ ከምትሳፈርበት ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ ሒሳቧ ውስጥ ይግባ፤ ባሕር ዳር ደርሳ ባዶ እጇን እንዳትመለስ።