ጄምስ ዌብ ከአቧራው ለምን አላመለጠም?

ጥያቄ፦ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከመንጋቱ በፊት፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ላይ የሚሾል ነጣ ያለ ብርሃን አያለሁ፤ የዞዲያክ ብርሃን እንደሚባልም አንብቤአለሁ። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ሳለ በዚህ ብርሃን ይቸገራል የሚባለው ለምንድን ነው? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ብርሃኑ የሚመጣው ከምድር ከባቢ አየር ሳይሆን ጅራታም ኮከቦች ከሚያራግፉት፣ አስትሮይዶችም ሲጋጩ ከሚወጣው ደቃቅ አቧራ ነው። ይህ አቧራ በፕላኔቶቹ መካከል ተበትኖ የፀሐይን ብርሃን ያንጸባርቃል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ አቧራው የተከማቸበት የፕላኔቶች ምህዋር ጠለል ከአድማሱ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም፣ ከሰሜን አውሮፓ ይልቅ ከእርስዎ ደጅ ማየት ይቀላል።

የጠቀሱት ርቀት ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ቴሌስኮፑ ዛሬም እዚያው አቧራ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ የአቧራው ሙቀት በምድር አካባቢ ከደጋ ማለዳ ብርድ እምብዛም ስለማይለይ፣ ብናኙ ራሱ ቴሌስኮፑ የሚያየውን ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር) ያመነጫል፤ ይህም ከ10 እስከ 25 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺኛ) ባለው የሞገድ ርዝመት አካባቢ ይበረታል። ከ12.5 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ግን ዋናው አስቸጋሪ የቴሌስኮፑ የራሱ ሙቀት ነው።

«ታዲያ ለክተው ለምን አይቀንሱትም?» ይሉ ይሆናል። አማካዩን መቀነስ ይቻላል፤ ነገር ግን ብርሃን የሚደርሰው በፎቶን በፎቶን (በብርሃን ቅንጣት) እየተቆጠረ፣ ቁጥሩም በየቅጽበቱ እየዋዠቀ በመሆኑ ያ መዋዠቅ ተቀንሶ አይጠፋም። ዳራው፣ ማለትም ከሚፈለገው ነገር ጋር ተደርቦ የሚመጣው ብርሃን፣ አራት እጥፍ ቢደምቅ፣ አንድን ደብዛዛ ጋላክሲ በእኩል ጥራት ለማየት አራት እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። ቴሌስኮፑ በአቧራው ውስጥ የሚመለከትበት አቅጣጫ ከወር ወር ስለሚለዋወጥም ተመራማሪዎች ዳራው የሚደበዝዝበትን ወቅት ይመርጣሉ።

ከጋላክሲዎች ሁሉ ተደምሮ የሚመጣውን ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ግን፣ መዋዠቁ ቀርቶ አማካዩን በትክክል ማወቁ ራሱ ፈተና ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀችው ኮቤ ሳተላይት ሰማዩን ከ1.25 እስከ 240 ማይክሮሜትር በ10 የሞገድ መደቦች ለካች። በ1998 ውጤቱ ሲታተም ግን ከጋላክሲዎች የመጣው ብርሃን አስተማማኝ ሆኖ የተገኘው የአቧራው ግለት በሚዳከምባቸው በ140 እና በ240 ማይክሮሜትር ነበር። ከፕሉቶ ያለፈችው የኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩር ከአቧራው ርቃ ጥሩ ልኬት ሰጥታለች፤ ካሜራዋ ግን ለሚታይ ብርሃን የተሠራ ስለሆነ በ25 ማይክሮሜትር አካባቢ ከጋላክሲዎች የሚመጣው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ አይመልስም።