የድሮ ሆሊውድን ከማን ልጀምር ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። «የድሮ የሆሊውድ ፊልም ልጀምር ብዬ ሁለት ሦስት ሞከርኩ፤ ተዋንያኑ ሁሉ የሚጮኹና የሚያጋንኑ መሰለኝ። እናንተ ምናቸውን ነው የምትወዱት? ከማን ልጀምር? ስለነሱ ከሚወራውስ የቱ ነው እውነቱ?» ነው ያልሽው። ከሥር የተሰጡሽን መልሶች አነበብኳቸው። አብዛኞቹ «ምርጥ 50»፣ «ምርጥ 100» የሚሉ ዝርዝሮች ናቸው። ዝርዝር ክፉ ነገር አይደለም። ግን ሰው ከዝርዝር ተነስቶ ፊልም ሲወድ እኔ አላየሁም። አንድ ተዋናይ ያዢና ተከተይው። ከወጣትነቱ እስከ ሽበቱ።

ይሄ የሚያዋጣው ለምን መሰለሽ? የያኔው ተዋናይ እንደ ዛሬው በሁለት ዓመት አንዴ ብቅ የሚል አልነበረም። ስቱዲዮው እስከ ሰባት ዓመት በሚደርስ ውል ይይዘዋል፣ በየሳምንቱ ደመወዝ ይከፍለዋል፣ ከዛ የሰጡትን ሥራ ይሠራል። ሲፈልጉ ለሌላ ስቱዲዮ ያውሱታል። እምቢ ካለ ያለ ደመወዝ ይታገዳል፣ የታገደበት ጊዜ ደግሞ ውሉ ላይ ይደመርበታል፤ ሰባቱ ዓመት እንዲህ እየተሳበ ማለቂያ ያጣል። ይሄን ያስቆመችው ተዋናይቷ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድ ናት። ዋርነር ብራዘርስን ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ገትራ በ1944 ረታችው (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ሰባት ዓመት ማለት በቀን መቁጠሪያ ሰባት ዓመት ነው ተባለ፣ ሕጉም እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ፊልም ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳና ጨዋ ልጅ አድርገው ነበር የሚያሠሯት። ያቺ ለስላሳ ልጅ ናት እንግዲህ የስቱዲዮ ጌቶችን ያንበረከከችው። በ2020 ፓሪስ ውስጥ በ104 ዓመቷ አረፈች።

ውሉ ለነሱ ጨካኝ ነበር። ለኛ ግን ብዙ ፊልም ትቶልናል። አንድ ሰው ሲጀማምር፣ ሲሳሳት፣ ሲበስል፣ ፊቱ ሲለወጥ እያየሽ መከተል ትችያለሽ።

ስለ ጩኸቱ ደግሞ እውነትሽን ነው፣ ግን ሁሉም ላይ አይደለም። ድምፅ ያለው ፊልም ገበያውን የያዘው ከ1927 በኋላ ነው። ስቱዲዮዎቹ ደንግጠው ከኒው ዮርክ መድረክ ሰው ጠሩ፣ የንግግር አሠልጣኝ ቀጠሩ። ድምፁ የመጨረሻው ወንበር ላይ ላለው ሰው እንዲደርስ የለመደ ተዋናይ ካሜራ አጠገቡ ቆሞም ያንኑ ያደርጋል። የሞከርሽው የ1930ዎቹን መጀመሪያ ከሆነ አልፈርድብሽም። ግን ቶሎ የገባቸው ነበሩ። እነሱን የምትለዪበት ዘዴ ልስጥሽ፦ ሲናገሩ ሳይሆን ሌላው ሲናገር እያቸው። ሲያዳምጡ።

ባርባራ ስታንዊክን ውሰጃት። እውነተኛ ስሟ ሩቢ ስቲቨንስ ነው፣ ብሩክሊን ውስጥ በ1907 ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ሞተች፣ አባቷ ጥሏቸው ሄደ፣ በየሰው ቤት እየተዘዋወረች አደገች፤ በልጅነቷ ነው መድረክ ላይ መደነስ የጀመረችው። በ1944 በወጣው «ደብል ኢንደምኒቲ» ባሏን ለማስገደል የተስማማች ሚስት ሆና ትሠራለች። ግድያው የሚፈጸመው መኪና ውስጥ ነው። እሷ ትነዳለች፣ ባሏ አጠገቧ ነው፣ ገዳዩ ከኋላ ተደብቋል። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ግድያውን አያሳየንም። ካሜራው እሷ ፊት ላይ ይቆማል። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው፣ አፏ አይከፈትም፣ ከጎኗ የሚሆነውን እንሰማለን እንጂ አናይም። ፊቷ ላይ ያለው ፍርሃት አይደለም። እርካታ ነው፣ ያውም በጣም ትንሽዬ። እህቴ፣ እዚህ ጋ የተጋነነ ነገር ካገኘሽ ንገሪኝ!

ይቺ ሴት አራት ጊዜ ለኦስካር ታጭታ አንዴም አላሸነፈችም። በ1982 ነው የክብር ሽልማት የሰጧት። ያን ምሽት ለተዋናዩ ዊሊያም ሆልደን ያለችውን ሳስብ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል። በ1939 ሆልደን ገና ጀማሪ ሆኖ ስቱዲዮው ሊያባርረው ሲል አይሆንም ብላ የቆመችለት፣ አብራው የተለማመደች እሷ ናት። እሱም ውለታዋን አልረሳም፤ በ1978 በኦስካር መድረክ ላይ ሁሉም እየሰማ አመሰገናት። እሷ ሽልማቷን ስትቀበል ግን እሱ ከሞተ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ሽልማቱን ለሱ አደረገችው።

ትወናቸው ቁጥብ እንዲሆን ያደረገው አንዱ ነገር ደግሞ ደንብ ነው። ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ ጥብቅ የሥነ ምግባር ደንብ ያስከብር ነበር። መሳሳም እንኳ ረዘም ካለ ይቆረጣል። ስለዚህ ፍቅሩንም ክፋቱንም በዓይንና በድምፅ ቃና ማስተላለፍ ነበረባቸው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1946 «ኖቶሪየስ» ላይ ምን አደረገ? ኬሪ ግራንትንና ኢንግሪድ በርግማንን ቶሎ ቶሎ እያላቀቀ አሳማቸው። ይሳሳማሉ፣ ስለ ዶሮ እራት ያወራሉ፣ እንደገና ይሳሳማሉ፣ እንደተቃቀፉ ስልክ ይደውላሉ። ደንቡ አልተጣሰም፣ ትዕይንቱ ግን ከሁለት ደቂቃ በላይ ሄደ። ከዛ ወዲህ ብዙ ነገር ተፈቅዷል፤ የዛን ያህል የሚያሞቅ የፍቅር ትዕይንት ግን እኔ ብዙ አላየሁም።

ከማን ልጀምር ላልሽው መልሴ ጄምስ ስቱዋርት ነው። አውቃለሁ፣ ብዙዎቻችሁ የ«ካዛብላንካ»ውን ሃምፍሪ ቦጋርት ትሉኛላችሁ። ቦጋርትን እወደዋለሁ፣ ግን ከፊልም ፊልም የሚለወጥ ሰው ማየት ለምትፈልግ ጀማሪ ስቱዋርት ይሻላል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው የተወለደው፣ አባቱ የብረታ ብረት ሱቅ ነበራቸው። ፕሪንስተን አርክቴክቸር ተምሮ በትወና ቀረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የምታዪው ስቱዋርት ረጅም፣ ቀጭን፣ የሚንተባተብ፣ የዋህ ልጅ ነው። «ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ» ላይ ለሠራው ኦስካር ሲያገኝ ሐውልቷን ለአባቱ ላከላቸው፤ አባትየው ሱቃቸው መስኮት ላይ አስቀመጧት።

ከዛ ጦርነት መጣ። መጀመሪያ ሲጠራ ክብደትህ አነሰ ብለው መለሱት። ሰውነቱን አሳምሮ በመጋቢት 1941 ገባ፣ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ሳትገባ ማለት ነው። ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ ኮሎኔል ሆኖ ወጣ። ለፎቶ እንዳይመስልሽ! ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ አውሮፕላን እያበረረ ከእንግሊዝ ተነስቶ ጀርመንን ከደበደቡት አንዱ ነው፣ 20 ግዳጅ ተመዝግቦለታል። ሲመለስ ሌላ ሰው ነበር። ትወናውን ልተወው ወይ እያለ ያመነታ ነበር።

በዚህ ስሜት ላይ ሆኖ ነው በ1946 «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ»ን የሠራው። ብዙ ሰው የገና ፊልም ስለሆነ ጣፋጭ ነገር ብቻ ይመስለዋል። የቡና ቤቱን ትዕይንት ተመልከቺ። ስቱዋርት የሚጫወተው ጆርጅ ቤይሊ ገንዘብ ጠፍቶበት፣ እስር ቤት እየጠበቀው፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ይጸልያል። ድምፁ ይቆራረጣል፣ ዓይኑ ይሞላል። ስቱዋርት በኋላ ሲናገር ለቅሶው ያልታቀደ ነበር፣ ድንገት መጣብኝ ብሏል። ዳይሬክተሩ ፍራንክ ካፕራ ፊቱን በቅርበት አልቀረጸውም ነበር። ድገመው ቢለው ያ ነገር እንደማይመለስ ገባው፣ ስለዚህ ምስሉን ላቦራቶሪ ውስጥ አስጎላው። ለዚህ ነው እዛ ጋ ስትደርሺ ምስሉ ድንገት ሻከር የሚለው። ይሄን ሳላውቅ ፊልሙን ወድጄው ነበር፣ ካወቅኩ በኋላ ግን ያቺ ቦታ ስትደርስ ዝም ብዬ ማየት ያቅተኛል።

የሚገርመው ፊልሙ ሲወጣ ኪሣራ ነበር። በ1974 የቅጂ መብቱን የሚያሳድስ ጠፋና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየገናው በነፃ ያሳዩት ጀመር፤ እንዲህ ነው ሕዝብ ጋ የደረሰው።

ከሱ ቀጥሎ በ1950 «ዊንቸስተር 73»ን እዪው። ያ የዋህ ልጅ ተናዶ የሰው ክንድ ጠምዝዞ ፊቱን ባንኮኒ ላይ ሲያጣብቅ ታያለሽ። (በነገራችን ላይ ለዚህ ፊልም ደመወዝ ትቶ ከትርፉ ድርሻ ነው የወሰደው፤ ከዛ በኋላ ሌሎች ኮከቦችም በዛው መንገድ ሄዱ።) ከዛ በ1958 «ቨርቲጎ»። አንድ ሴት ልብስና ፀጉር ለውጣ የሞተችውን እንድትመስልለት የሚያስገድድ ሰው። አሥራ ስምንት ዓመት ነው የፊላደልፊያውን ልጅ ከዚህ ሰው የሚለየው። በተከታታይ ስታያቸው ነው የምትደነግጪው።

«ካዛብላንካ»ን ካየሽ በኋላ ደግሞ ከቦጋርት ይልቅ ከኋላ ያሉትን ሰዎች ለማየት እንደገና ክፈቺው። ፊልሙ ከናዚ ሸሽተው ሞሮኮ ላይ ቪዛ ስለሚጠብቁ ሰዎች ነው፤ ቡና ቤቱን የሞሉት ተዋንያንም ብዙዎቹ የእውነት ስደተኞች ናቸው። የናዚውን ሻለቃ የሚጫወተው ኮንራድ ፋይት ከአይሁዳዊት ሚስቱ ጋር በ1933 ጀርመንን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ቁማር ቤት የሚያጫውተው ማርሴል ዳልዮ ፓሪስ ውስጥ ስመ ጥር ነበር፤ ናዚዎች «አይሁዳዊ እንዲህ ነው የሚመስለው» ብለው ፎቶውን ፖስተር ላይ ለጥፈውበታል። ሆሊውድ መጥቶ ጥቂት መስመር ብቻ ያላት ቦታ ተሰጠችው። የፈረንሳይ መዝሙር ሲዘመር እንባዋ የሚወርደው ወጣት ማድሌን ለቦ ናት፣ ሚስቱ የነበረች፣ አብራው በሊዝበን በኩል የሸሸች። ያ እንባ የትወና ብቻ አይመስለኝም። ፊልሙ ሲቀረጽ አገሯ ገና በጀርመን እጅ ነበረች። ቪዛ እየጠበቀ ሦስተኛ አገር ላይ ዓመት የቆጠረ ሐበሻ ይሄን ፊልም ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ስለሚወራው ወሬ በአጭሩ። ሮናልድ ሬገን «ካዛብላንካ» ላይ የቦጋርትን ቦታ ሊይዝ ነበር የሚባለው ስቱዲዮው ለጋዜጣ ካስወጣው ማስታወቂያ የመጣ ነው፤ ከምር ታስቦ አያውቅም። ተዋናይቷ ሄዲ ላማር ዋይፋይን ፈለሰፈች የሚለው ተጋኗል። እውነቱ ራሱ ግን በቂ ነው፦ ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር የቶርፒዶ (መርከብ የሚመታ የውኃ ውስጥ ሚሳይል) መቆጣጠሪያ ሬዲዮ እንዳይታፈን ሞገዱን እያፈራረቀ የሚሠራ ዘዴ ነድፈው በ1942 ፓተንት አግኝተውበታል። በ88 ሞገዶች ላይ ነበር የሚዘለው፣ ልክ በፒያኖ ቁልፎች ቁጥር። ባሕር ኃይሉ በጦርነቱ ጊዜ አልተጠቀመበትም። የድምፅ አልባው ፊልም ኮሜዲያን በስተር ኪተን ፊልም ሲሠራ አንገቱን ሰብሮ ሳያውቅ ቀረ የሚባለው ግን እውነት ነው፣ በ1924 ነው፣ ሐኪም የነገረው ከዓመታት በኋላ ነው። ስቱዋርትና ተዋናዩ ሮበርት ሚቸም በ1997 በአንድ ቀን ልዩነት መሞታቸውም እውነት ነው።

አንድ ሳይነሳ የቀረ ስም አለ፣ ሐቲ ማክዳንየል። ወላጆቿ ባሪያ የነበሩ ናቸው። «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በታኅሣሥ 1939 አትላንታ ላይ ሲመረቅ በዘር መለያየቱ ምክንያት አልተገኘችም። በየካቲት 1940 ኦስካር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፣ የተቀመጠችው ግን ከባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳው ጥግ ባለ ጠረጴዛ ነው። ሆቴሉ ጥቁር አያስገባም ነበርና እሷን ለማስገባት ራሱ ልመና ጠይቋል። ሽልማቷን ለሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ትታ ነበር፣ ጠፋ። በ2023 ኦስካር ሰጪው አካዳሚ ምትኩን ሰጠ። እኛ ኃይሌ ገሪማ ለዓመታት ሲኒማ ያስተማረበት ግቢ ብለን የምናውቀው ሀዋርድ ነው። ገረድ ሆና ብቻ ታየች ብለው የሚያልፏት አሉ። እኔ ግን ፊልሙ ውስጥ እሷን የሚያህል ሙሉ ሰው አላገኘሁም። ደረጃ እየወጣች እያለቀሰች የምታወራበትን ረጅም ትዕይንት እዪ።

ኦድሪ ሄፕበርን ቆንጆ ብቻ ናት ላለው ወንድማችንም አንድ ነገር። ሆላንድ ውስጥ በጀርመኖች ወረራ ጊዜ የተራበች ልጅ ናት። በ1988 የዩኒሴፍ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ ኢትዮጵያ ነው፣ መቀሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ሄዳለች። ረሃብን ከወሬ አልነበረም የምታውቀው።

እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሲልቨር ስፕሪንግ በ1938 የተከፈተው ሲልቨር ቲያትር አለ፤ ታድሶ ዛሬ ኤ.ኤፍ.አይ ሲልቨር ይባላል፣ እነዚህን ፊልሞች በትልቁ ስክሪን ያሳያል። እዚሁ አካባቢ ከሆንሽ ፕሮግራሙን ተከታተይ። ቤት የምታዪ ከሆነ ደግሞ ስልኩን አርቂውና መብራቱን አጥፊ። የገናውን ፊልም ስትፈልጊ ቀለም የተቀባ ቅጂም ይመጣብሻል። እሱን እለፊው፤ ስቱዋርት ራሱ በሕይወት ሳለ ቀለም መቀባቱን በይፋ ተቃውሟል። ጥቁርና ነጩን ያዢ፣ ከዛ የቡና ቤቱ ትዕይንት ላይ ምስሉ የሻከረበትን ቦታ አግኝተሽው እንደሆነ እዚሁ ጻፊልን።