«በዚህ ዕድሜ ብሬስ? ልትዳሪ ነው እንዴ?»

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ሁሌም አነባለሁ፤ መጻፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ትዕግስቴ ስላለቀ ነው የጻፍኩልዎት።

ዕድሜዬ 42 ነው። አስተማሪ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ወደ ውጭ የወጡ ናቸው። «ገጣጣ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። አፌን ስዘጋ የታችኞቹ ጨርሶ አይታዩም፤ ከላይኞቹ ኋላ ገብተው ላንቃዬን ይነካሉ። ተማሪዎቼ ሲያስቁኝ ሳላስበው እጄ አፌ ላይ ነው። ልጅ እያለሁ አቅሙም አልነበረም፤ የሚያውቅ ሰውም አልነበረም። አሁን የራሴ ደመወዝ አለኝ። ልጆቼም ከፍ ከፍ ብለዋል። ስለዚህ በብሬስ፣ ማለትም በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ላስተካክለው ብዬ ቆረጥኩ።

ችግሬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ እንደ እናት የማያት እሷን ነው። ነገሩን ሳማክራት ከት ብላ ሳቀች። «በዚህ ዕድሜ ብሬስ? ልትዳሪ ነው እንዴ? ይልቅ ልጆችሽን አሳስሪ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሁሉ ታነሳዋለች። ባለፈው ባለቤቴ ፊት «ሚስትህ እንደገና ኮረዳ ልትሆን ነው» አለች። ሁሉም ሳቀ። እሱም ሳቀ። እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐኪሞቹም ግራ አጋቡኝ። ሦስት ቦታ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ራጅ አንስተው «የታችኛው መንጋጋዎ ወደ ኋላ የቀረ ስለሆነ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» አሉኝ። ሁለተኛዋ ከላይ ሁለት ጥርስ ነቅለው የፊቶቹን በብሬስ ወደ ውስጥ እንደሚመልሷቸው ነገሩኝ። ሦስተኛው አፌን አየት አድርገው «ይሄማ በአላይነር ይስተካከላል፣ ቀላል ነው» አሉ፤ አላይነር ጥርስ ላይ የሚጠለቅ፣ የሚወልቅ ግልጽ ፕላስቲክ ነው። አንድ አፍ፣ ሦስት መልስ። ማንን ልመን? ለእህቴ ስነግራት «አየሽ፣ ገንዘብሽን ሊበሉ ነው» አለችኝ። እሷ እንዲህ ዓይነት ወሬ ስታገኝ ደስ ይላታል።

ክፉ ሰው ሆና አይደለም። ሁሉም ነገር ቅንጦት ይመስላታል። ለምሳሌ በቅርብ ጊዜ በሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቼ መሀል ክፍተት መጥቷል። ድሮ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቼ «ፍንጭት ሲያምርብሽ!» ይሉኛል። እኔ ግን ጥርሶቼ ይበልጥ እየወጡ ይመስለኛል። አንደኛው በምላሴ ስነካው ትንሽ ይነቃነቃል። ይህንንም ነገርኳት። «የእኔም ይነቃነቃል፣ ማን ሞተ? እማዬም በሃምሳ ዓመቷ አንድ ጥርስ አልነበራትም» አለችኝ። ስቦርሽ ደም እንደሚወጣኝማ ጭራሽ አልነገርኳትም፤ መልሷን አውቀዋለሁ። እሱ እንኳ የቆየ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ እየደጋገመ ይመጣብኛል። ሳጥን ይላክልሻል፤ የጥርስሽን ልክ እቤትሽ ራስሽ ወስደሽ ትመልሺያለሽ፤ ከዚያ አላይነሩ ተሠርቶ ይመጣልሻል። ሐኪም ዘንድ መመላለስ የለም። ማታ ማታ ብቻ የሚደረግም አለው። እህቴ አታውቅ፣ ባለቤቴ አያውቅ፣ ተማሪዎቼም አያዩ። ልዘዘው? ወይስ እህቴ እንደምትለው ጊዜው አልፎብኛል?

ግራ የገባኝ ነኝ

መልስ

ውድ እህቴ፣

አትዘዢው። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን አንቺ በሁለት መስመር ያለፍሽውን ነገር ላንሳ።

አዲስ ክፍተት። የሚነቃነቅ ጥርስ። «ለምጄዋለሁ» ያልሽው ደም። ስለ እህትሽ ቀልድ ይህን ሁሉ ጽፈሽ እነዚህን ሦስቱን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻቸዋል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ የደነገጥኩት እነሱ ላይ ስደርስ ነው።

አብሮሽ ያደገ ፍንጭት ቢሆን ኖሮ እኔም ሲያምርብሽ እልሽ ነበር። በአርባዎቹ ዕድሜ የመጣ ፍንጭት ግን መመርመር አለበት። ክፍተት፣ መነቃነቅና ደም አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የድድ በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ፔሪዮዶንታይተስ የሚሉት። ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ባክቴሪያ ይከማቻል፤ ሲቆይ ደንድኖ ወደ ውስጥ ይወርዳል። ድዱ ይቆጣል። ቁጣው ለዓመታት ሲዘልቅ ጥርሱን የያዘው አጥንት ቀስ በቀስ ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ደም ደግሞ የሚለመድ ነገር አይደለም።

አሁን ይህን ከአነካከስሽ ጋር አገናኚው። የታችኞቹ ጥርሶችሽ ላንቃሽ ድረስ የሚገቡ ከሆነ፣ አፍሽን በዘጋሽ ቁጥር የላይኞቹን ከኋላ ሊገፏቸው ይችላሉ። አጥንቱ ሙሉ እያለ ግፊቱን ችሎት ኖሯል። አጥንቱ ሲቀንስ ግን ያው የድሮው ግፊት ይበዛበታል። ጥርሶቹ ወደ ፊት ይሄዳሉ፤ መሀላቸውም ይከፈታል። ስለዚህ «ይበልጥ እየወጡ ይመስለኛል» ያልሽው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ራስሽን ማመን ነበረብሽ።

ብሬስም ሆነ አላይነር የሚሠራው በዚሁ አጥንት ላይ ነው። ጥርስ እንደ ምስማር አጥንት ውስጥ አልተቸነከረም። በሥሩና በአጥንቱ መሀል ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ስስ ጅማት አለ። ጥርሱ በቀስታ ሲገፋ፣ በሚሄድበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በለቀቀው በኩል አዲስ አጥንት ይሠራል። በወር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ድዱ ጤነኛ ከሆነ ይህ በ42 ዓመትም ይሠራል፣ በ60ም ይሠራል። ስለዚህ ጊዜው አላለፈብሽም። ድዱ እንደተቆጣ ከተገፋ ግን አጥንቱ ከበፊቱ ይብስ ይጠፋል። አስተካክላለሁ ብለሽ የጀመርሽው ጥርስ እጅሽ ላይ ሊቀር ይችላል።

ሦስት ሐኪም ዘንድ ሄደሻል። ከሦስቱ አንዳቸውም ድድሽን እንደለኩት አልጻፍሽልኝም። ይህ ምርመራ ሲደረግ ስለሚታወቅ የምትረሺው አይመስለኝም። ሚሊ ሜትር የተጻፈበት ቀጭን ብረት ነው። በድዱና በጥርሱ መሀል ቀስ ተደርጎ ይገባል፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ። ሐኪሙ «ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት» እያለ ቁጥር ይጠራል፤ ሌላ ሰው ይመዘግባል። እስከ 3 ያለው ደህና ነው። 4፣ 5፣ 6 መደጋገም ሲጀምር፣ በተነካበትም ሲደማ፣ ችግር አለ ማለት ነው። ሁለቱ የፊት ጥርሶችሽ እየተገፉ ሳለ ይህን ሳይለኩ «ቀላል ነው» ማለት በጣም ያናድደኛል። ለአዋቂ ሰው ብሬስ የሚያስበው ሐኪም መጀመሪያ ማየት ያለበት ድዱን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይቀየር። መጀመሪያ የድድ ሐኪም። ድድሽ ይለካ፤ አጥንቱ በራጅ ይታይ። በሽታው ካለ ከድዱ በታች ያለው ሁሉ በማደንዘዣ ይጸዳል። ተራ የጥርስ እጥበት ለዚህ አይበቃም። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ እንደገና ይለካል። ደሙ ከቆመና ቁጥሮቹ ከወረዱ ያኔ ስለ ብሬስ ይወራል። እግረ መንገድሽን የደም ስኳርሽንም ተመርመሪ፤ ስኳርና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ብሬሱ ከታሰረ በኋላም የድድ ክትትሉ አይቋረጥም።

ሦስቱ መልሶች ግን እህትሽ እንዳለችው ገንዘብ ለመብላት የተፈጠሩ አይደሉም። ሦስቱም የየራሳቸው ግብ አላቸው። የአዋቂ መንጋጋ ማደጉን አቁሟል፤ ለታዳጊዎች መንጋጋን ወደ ፊት ለማሳደግ የሚታዘዘው መሣሪያ ላንቺ አይሠራም። መንጋጋውን ራሱን ማንቀሳቀስ ከተፈለገ ያለው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው። የታችኛው መንጋጋ ግራና ቀኝ ተቆርጦ ወደ ፊት ይመጣል፤ በብሎን ይያዛል። ብሬስ ግን አይቀርልሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቀዶው በፊት አንድ ዓመት ያህል፣ ከዚያም በኋላ ለወራት ይታሰራል። በመሀል ጥርሱ ከበፊቱ የባሰ የወጣ ሊመስል ይችላል። የታችኛው ከንፈርና አገጭ መደንዘዝም አለ፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ጨርሶ አይለቅም። ማኘክ ወይም መተንፈስ ላስቸገረው ሰው ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። አንቺ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሽም።

ሁለተኛዋ ሐኪም መንጋጋውን ትተው ጥርሱን በማንቀሳቀስ ልዩነቱን መሸፈን ነው የፈለጉት። እኔ ድድሽ ከዳነ በኋላ ወደዚህኛው አደላለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ጠይቂያቸው። አዲሱ ክፍተት ሲዘጋ ብቻ ጥርሶቹ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይመለሳሉ? ምናልባት ሁለት ጤነኛ ጥርስ መንቀል ላያስፈልግ ይችላል። አጥንት ውስጥ የምትገባ ትንሽ የታይታኒየም ብሎን መደገፊያ ሆና የፊቶቹን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ እንደሚቻልም ጠይቂ። አነካከስሽ ጥልቅ ስለሆነ ወደ ላይ መሳቡ ወሳኝ ነው። አላይነሩንም አልንቀውም። በጥሩ ኦርቶዶንቲስት (የጥርስ አቀማመጥ የሚያስተካክል ሐኪም) እጅ ብዙ ይሠራል። ግን በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት። ጥርስ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ጉብታዎችም አሉት፤ ስለዚህ «ማንም አያይም» የሚባለው ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው።

የሳጥኑ ነገር። እቤትሽ የምትወስጂው ልክ የጥርስሽን ቅርጽ ያሳያል። ሥሩን አያሳይም፣ አጥንቱን አያሳይም፣ መነቃነቁን አያሳይም። ላንቺ የሚያስፈልገው ደግሞ እነሱን ማየት ነው። ማታ ተገፍቶ ቀን የሚለቀቅ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ የላላ ጥርስ ይህን አይችልም። በዚህ መንገድ ይሠራ የነበረው ስማይልዳይሬክትክለብ የተባለ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ድንገት ሲዘጋ፣ ሕክምና ላይ የነበሩ ደንበኞቹ መሀል መንገድ ላይ ቀሩ። ዕድሜ ልክ ነው የተባለው ዋስትናም አብሮ ቀረ። ችግር ሲመጣ የምታንኳኪው በር ይኑርሽ።

ሳጥኑን የፈለግሽው ደግሞ ስለሚደበቅ ነው። ይህ አሳዝኖኛል። ጥርስ ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቦታው እንዳይመለስ ሪቴይነር ይደረጋል፤ ማታ ማታ፣ ለዓመታት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። ይህን ሁሉ ዘመን ከባልሽ ተደብቀሽ ልትተኚ ነው? ያን ዕለት ሲስቅ ምን እንደተሰማሽ ነግረሽዋል? ደብዳቤሽ ነገርኩት አይልም። ዛሬ ንገሪው። እጅሽን አፍሽ ላይ ሳታደርጊ መሳቅ መፈለግሽ ነውር የለበትም። በ42 ዓመትሽ ማማር ብትፈልጊም ማንም ማብራሪያ ሊጠይቅሽ አይገባም። ሽቦው የሚታይ ከሆነም ይታይ። ተማሪዎችሽ ለጥቂት ቀን ያዩሽና ይለምዱታል።

እህትሽን በተመለከተ ግን አንቺ ባሰብሽው መንገድ አልመክርሽም። አፏን አስያዢያት እንድልሽ ጠብቀሽ ይሆናል። እኔ ልቤ የቀረው «የእኔም ይነቃነቃል» ያለችው ላይ ነው። እናታችሁ በሃምሳ ዓመቷ ጥርስ አልነበራትም። አንቺ ይደማሻል፤ የእሷ ይነቃነቃል። የድድ በሽታ በቤተሰብ ይታያል። ምናልባት ይህቺ ሴት የምታሾፈው የራሷን ስለፈራች ነው። የእሷ ካንቺ የባሰም ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው የሚያልፍባት እሷ እንዳትሆን።

ስለ ብሬስ አንድም ቃል አታንሺባት። «ድዴን ልመረመር ነው፣ አብረሽኝ ነይ» በያት። እምቢ ካለችሽ የእማዬን ነገር አንሺባት። ቀጠሮውን ለሁለታችሁም ያዢ፤ ከዚህ ሳምንት አይለፍ።