ከነጭ አይጥ እስከ ታማሚ፦ የወባ መድኃኒት ምርምር ጥያቄና መልስ

የዛሬዋ መላሻችን ሰገነት ናት። ሐረር ፋርማኮሎጂ፣ ማለትም የመድኃኒት ሳይንስ፣ ታስተምራለች፤ ዋና ሥራዋ የወባ መድኃኒት ምርምር ነው። ርዕሳችን የቤተ ሙከራ ግኝት እንዴት መድኃኒት እንደሚሆን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጠያቂዎች በመረጡት ስም ይጠራሉ። ስለ ግል ሕመም ጥያቄ አንቀበልም።

ሳቢያን፦ ሰላም ሰገነት። ከ2022ቱ የወባ ወረርሽኝ ወዲህ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ሁሉም አዲስ መድኃኒት አዲስ መድኃኒት እያለ ነው። ለምን ይህን ያህል ይዘገያል?

ሰገነት፦ መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ወረርሽኙን ያባባሰችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ትንኝ ናት። አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ጉድጓድ ውኃ ስለምትራባ በጋው አያግዳትም። መድኃኒት እሷን አይነካም፤ የሚገድለው በሰው ደም ውስጥ ያለውን የወባ ተውሳክ፣ ፓራሳይቱን ነው። የሚዘገይበት ምክንያት ደግሞ ማጣሪያው ብዙ ስለሆነ ነው። ውህዱ ተመርጦ በሁለት ዓይነት እንስሳ መርዛማነቱ ይፈተሻል፤ አንዱ የአይጥ ዘር፣ ሌላው ከዚያ ውጭ መሆን አለበት። ከዚያ ምዕራፍ 1 በጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች፣ ምዕራፍ 2 በመቶዎች በሚቆጠሩ ታማሚዎች፣ ምዕራፍ 3 ብዙ ጊዜ ከሺህ በላይ በሆኑ ታማሚዎች ይካሄዳል። ምዕራፍ 1 ከገቡት ውስጥ በግርድፉ ከአሥሩ አንዱ ነው ፈቃድ የሚያገኘው።

ለገሃሬ፦ በርሜል በርሜል ትላላችሁ፤ ውኃ በፈረቃ እየመጣ ሳናጠራቅም ልንኖር ነው?

ገንደ ቆሬ፦ አቦ፣ አታጠራቅም ማን አለህ? ክደነው ነው የተባለው።

ለገሃሬ፦ የታንከሩ ክዳን ፀሐይ ሰንጥቆታል። አንተ ትገዛልኛለህ?

ገንደ ቆሬ፦ ክዳን ከሌለህ ወንፊት ጨርቅ ወጥረህ እሰርበት፤ በየሳምንቱም አጥበህ ገልብጠው። እንቁላሏ ትንኝ ለመሆን ሳምንት አካባቢ ይበቃዋል።

ሰገነት፦ ገንደ ቆሬ ያለው ትክክል ነው። የትንኙ ጉዳይ ግን ለሌላ ቀን ይሁን።

ከዚራ፦ መምህርት፣ የአንድ ተክል ቅጠል በአይጥ ላይ ወባን በ70% ቀነሰ የሚል ጥናት አነበብኩ። እንዲህ ዓይነት ጥናት አገራችን ውስጥ ሞልቷል። ለምን ፋርማሲ አይደርስም?

ሰገነት፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። 70% የሚለው ቁጥር ከምን እንደተሰላ እንይ። ያልታከሙት አይጦች ከቀይ የደም ሕዋሳቸው 30%ው በፓራሳይት ተይዟል እንበል፤ የታከሙት 9% ከሆነ ቅናሹ 70% ይባላል። ስለዚህ «የታከመው» አይጥ አሁንም 9% ፓራሳይት ተሸክሟል። በሰው ላይ ፋልሲፓረም (ከባዱን ወባ የሚያመጣው ፓራሳይት) 10% ማለፉ ብቻውን የከባድ ወባ መለኪያ ነው። በዚያው ሙከራ ማነጻጸሪያ ሆኖ የሚሰጠው የታወቀው የወባ መድኃኒት ክሎሮኪን ፓራሳይቱን አብዛኛውን ጊዜ ሙልጭ አድርጎ ያጠፋዋል። ያንን ረድፍ ሳታነቡ ጥናቱን አትጥቀሱ።

ቀጥሎ መጠኑ። የተለመደው ከፍተኛ መጠን ለአንድ ኪሎ የአይጥ ክብደት 400 ሚሊ ግራም ነው። ከአይጥ ወደ ሰው ሲለወጥ ለ12.3 ይካፈላል፤ በኪሎ 32.5 ሚሊ ግራም ገደማ ይመጣል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 2 ግራም ያህል ደረቅ ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተመጥጦ የወጣ ጭማቂ) ማለት ነው። ከደረቁ ቅጠል የሚወጣው 10% ቢሆን በቀን 20 ግራም ቅጠል ይሆናል። በዚያ ውስጥ ስንት ውህድ እንዳለ፣ የትኛው ጉበት እንደሚጎዳ የሚያውቅ የለም። ያልተለየ፣ ያልተመዘነ ጭማቂ ለሰው አይሰጥም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚያቆምበት ደረጃ፣ ውህዱን መለየት ነው። ኤክስትራክቱ ሄክሴን፣ ኢታይል አሲቴትና ቡታኖል በሚባሉ ማሟሚያዎች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል እንደገና ይፈተሻል። ብዙ ጊዜ ኃይሉ እዚህ ይጠፋል። ወይ ውህዱ ሙቀት አበላሽቶታል፣ ወይ ሁለት ውህዶች ተረዳድተው ነበር የሚሠሩት፣ ወይ መጀመሪያውኑ አይጡ የምግብ ፍላጎቱ ስለቀነሰ ነው ፓራሳይቱ የቀነሰው። ንጹሕ ውህድ ከተገኘ የሰው ፓራሳይት በሰው ደም በሚያድግበት ቤተ ሙከራ ይለካል፤ ግማሹን ፓራሳይት ለመግደል ከ1 ማይክሮሞላር (በጣም ትንሽ የውህድ መጠን መለኪያ) በታች ቢበቃው ጥሩ ነው። ጤነኛ ሕዋስን ለመጉዳት ደግሞ ከዚያ ቢያንስ አሥር እጥፍ መጠየቅ አለበት። ለዚህ የኬሚስትሪ መሣሪያ፣ የኬሚስት ሰዓትና የብዙ ዓመት ገንዘብ ያስፈልጋል። እኛ ጋ የጎደለው ይህ እርከን ነው እንጂ ተክል አይደለም።

ጀጎል፦ የተክሉን ስም ብቻ ንገሪን፣ አፍልተን እንሞክረው።

ሰገነት፦ አልነግርም። ከላይ ያለውን አንብብ። ትኩሳት ያለው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ያስመርምር።

ደቻቱ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የአራት ቀን የአይጥ ሙከራ ልጀምር ነው። የት ላይ ይበላሻል?

ሰገነት፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምጣልኝ። ቅጠሉን ጥላ ላይ አድርቅ፣ ፍጭ፣ በ80% ሜታኖል ለ72 ሰዓት አልፎ አልፎ እያወዛወዝክ ዘፍዝፍ፣ አጥልል፣ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ሜታኖሉን አትንነው። የመጀመሪያው ስሕተት እዚህ አለ፤ ሜታኖል ተርፎ ከቀረ የምትለካው የሜታኖልን መርዝ ነው። ከለጋሽ አይጥ የተወሰደው ደም በ1 ሚሊ ሊትር 50 ሚሊዮን የተያዘ ቀይ ሕዋስ እንዲኖረው ይቀጠናል፤ 0.2 ሚሊ ሊትር ማለትም 10 ሚሊዮን፣ በሆድ ዕቃ ይወጋል። ፕላስሞዲየም በርጋይን ነው የምትጠቀመው፤ የአይጥ ወባ እንጂ የሰው አይደለም፣ ውጤትህን ስትጽፍ አትርሳው።

ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ የመጀመሪያውን መጠን በአፍ ስጥ፤ በየቀኑ ለአራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ከጅራቱ ጫፍ ደም ወስደህ ስስ ስላይድ ሥራ፣ በሜታኖል አጽና፣ ፓራሳይቱን በሚያሳየው ማቅለሚያ፣ በ10% ጊምሳ ቀባ። ጊምሳው በዕለቱ ካልተበጠበጠ ዝቃጩ ፓራሳይት ይመስላል። አይጦቹን በዕጣ መድብ፤ ስላይዱን የሚቆጥረው ሰው የትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። ይህ ሁለቱ ካልተደረገ ቁጥርህን አላምነውም። ክብደትና የደም ሕዋስ መጠን በመጀመሪያው ቀንና በአምስተኛው ቀን መዝግብ፣ ስንት ቀን እንደኖሩም ተከታተል። ፓራሳይት ቀንሶ ዕድሜ ካልጨመረ መድኃኒት አላገኘህም።

ሸዋ በር፦ ጫት ከመድኃኒት ጋር ይጋጫል?

ሰገነት፦ ከርዕሳችን ውጭ ነው። በአጭሩ፦ የአምፒሲሊንን ወደ ደም መግባት እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ሌላውን ፋርማሲስትህን ጠይቅ።

መጋላ፦ የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒንስ ከተክል አይደለም እንዴ የወጣው? ያው ቅጠል ነው።

ሰገነት፦ ከተክል ነው፣ ግን ቅጠሉ ተፈልቶ አልተሰጠም። ቻይና በ1967 የጀመረችው ምርምር ብዙ ተክል ፈትሾ ከሽፎበታል። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ሙቀት ውህዱን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ በ35 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላው ኤተር አወጣችው። በጥቅምት 1971 ናሙና 191 በአይጥ ፓራሳይቱን ሙሉ በሙሉ አጠፋ፤ 70% አላለም። በ1972 ንጹሑ ውህድ ተለየ። በኋላም ዘይት ውስጥ የሚሟሟ እንዲሆን ተሻሽሎ አርቴሜተር ወጣ፤ ዛሬ ኮአርተም በተባለው የወባ ኪኒን ውስጥ ያለው እሱ ነው። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2015 ነው። እንግዲህ «ተክል ነው» ስትሉ እነዚህን ዓመታት አትዝለሏቸው።

የራሳችንም ምሳሌ አለ። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ናቸው። ግኝቱ ወዲያው ነበር፤ ዓመታት የወሰደው የመርዛማነት ማስረጃውን ዓለም አቀፍ ተቋማት በሚቀበሉት ደረጃ መሥራቱ ነው።

ለገሃሬ፦ በመጨረሻ ግን ሙከራው የሚካሄደው በእኛ ላይ ነው። ለግማሹ ባዶ ኪኒን ይሰጡታል።

ገንደ ቆሬ፦ ወባ እዚህ እያለ ኖርዌይ ሄደው ይሞክሩት?

ለገሃሬ፦ እኔ ያልኩት ያንን አይደለም። ሰው ሳይገባው ይፈርማል ነው የምለው።

ሰገነት፦ የለገሃሬ ሥጋት ተገቢ ነው። ስምምነቱ ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪ ወይም በአማርኛ ካልተነበበለት ስምምነት አይባልም፤ በፈለገ ጊዜ መውጣት ይችላል፣ ሕክምናውም አይቋረጥበትም። ባዶ ኪኒን የተባለው ግን ስሕተት ነው። በፋልሲፓረም የታመመ ሰው ሳይታከም አይተውም፤ አዲሱ መድኃኒት የሚነጻጸረው አሁን ካለው ጋር ነው። ታማሚው 28 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይከታተላል፤ ፓራሳይቱ ከተመለሰ የዘረመል ምርመራ ያው የቀድሞው ይሁን ወይስ አዲስ ንክሻ ይለያል። ድሬን በመሰለ ትንኝ በሞላበት ከተማ ይህ ምርመራ ከሌለ ጥሩውን መድኃኒት ከሽፏል ልትሉት ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት ይቀየር የሚለው የከሸፈው ከ10% ሲያልፍ ነው።

ሳቢያን፦ ኮአርተም እየከሸፈ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ሰገነት፦ አር622አይ የተባለ የዘረመል ለውጥ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል፤ የአርቴሚሲኒንን ሥራ ያዘገያል ተብሎ ይጠረጠራል። ከ35 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው ግን በ3 ቀን 24 ፍሬውን፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይጨርስ። አርቴሜተሩ በሰዓታት ውስጥ ከደም ይጠፋል፤ የተረፈውን ፓራሳይት የሚያጸዳው ኪኒኑ ውስጥ አብሮት ያለው ሉሜፋንትሪን ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ ቅባት በደንብ አይገባም። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም የሚቋቋመውን ፓራሳይት መምረጥ ነው።

መጋላ፦ ቪቫክስ ለምን ይመላለሳል? መድኃኒት የለውም?

ሰገነት፦ ቪቫክስ ሌላው የወባ ፓራሳይት ነው፤ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ የደም ምርመራ አያገኘውም፣ የአይጥ ወባም ይህ ባሕርይ የለውም። ስለዚህ ምርምሩ የዝንጀሮ ወባ ይጠይቃል፤ አንዱ የመዘግየት ምክንያት ይህ ነው። የተኛውን የሚገድለው ታፌኖኪን በ1978 ተሠርቶ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2018 ነው። አንድ ጊዜ ብቻ 300 ሚሊ ግራም ይወሰዳል፤ ነገር ግን ቀይ ሕዋስን የሚጠብቀው የጂ6ፒዲ ኢንዛይም ሥራው ከ70% በታች የሆነበት ሰው ቀይ ሕዋሱ ሊፈርስበት ይችላል፣ መድኃኒቱም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ያለ ምርመራ አይሰጥም።

አባል 12፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ወባን የሚያጠፋ ቅጠል አለ ወይ?

ሰገነት፦ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ያልተለየ፣ ያልተመዘነ ጭማቂ ለሰው አይሰጥም። ከዚራ ለጠየቀችው የመለስኩትን አንብብ።

ደቻቱ፦ የመጨረሻ። ፕሮቶኮሌን የት ነው የማስገባው?

ሰገነት፦ የእንስሳው ሙከራ ለዩኒቨርሲቲህ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። የአይጡን ቁጥር በቡድን ለምን አምስት እንዳደረግኸው፣ ሥቃይ ሲበዛበት በምን ምልክት ሙከራውን እንደምታቆም ጻፍ፤ ያለዚያ ይመልሱብሃል። ሰው ላይ ከደረሰ ብሔራዊው የሥነ ምግባር ግምገማና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጨመራል። ጊምሳህን በዕለቱ በጥብጥ።